ስሌቱ ለአሰላ ትክክል ነበር

ዳናዊት የመኪናውን ታይሚንግ አበላሸችና ሁለት ሽማግሌዎች ነጭ ጋቢያቸውን እንደለበሱ ዴራ መግቢያ ላይ መኪና ገፉ። ነገሩ ይኸው ነው። ማብራሪያ አለው፤ ግን ማብራሪያው ጥፋቱን አያቀልለውም። እንዲያውም በተብራራ ቁጥር ይብስበታል፤ ምክንያቱም ማብራሪያው ውስጥ አንድ የምህንድስና ዲግሪ፣ አንድ ቁራጭ ብርጭቆ ወረቀትና ከሁለቱም የሚበልጥ ትዕቢት አለበት።

ሽማግሌዎቹ የሚወርዱት ለታላቅ ወንድሟ ለሌዊ ሚስት ሊጠይቁ ነበር። ልጅቷ ሐመልማል ትባላለች፤ ዴራ ውስጥ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ሌዊን ትወደዋለች፣ እሱም ይወዳታል፤ በዚህ በኩል ችግር የለም። ችግሩ አባቷ ናቸው። አቶ ገብረ መድህን ወፍጮ ቤት አላቸው። አገሩ ሁሉ በራቸው ላይ ተራ ይጠብቃል፤ እሳቸው ግን ማንንም አይጠብቁም። ከሁለት ሳምንት በፊት እነዚሁ ሽማግሌዎች በሚኒባስ ሄደው ነበር። ሚኒባሱ ካልሞላሁ አልነሳም ብሎ አሰላ መናኸሪያ ውስጥ ሲያንቀላፋ፣ ለሦስት ሰዓት የተቀጠሩት ሰዎች አምስት ሰዓት ላይ ደረሱ። አቶ ገብረ መድህን ከግቢው በር አላሳለፏቸውም።

«ሰዓት የማይጠብቅ ቤት ልጄን አይጠብቅም» አሉ። ከዚያ የሽማግሌ ፊት ከብዷቸው ይሁን ሌላ፣ አንድ ዕድል ጨመሩ። «ቅዳሜ ሦስት ሰዓት። አራት ካለፈ በሬን አታንኳኩ። ሦስተኛ ቀጠሮ የለም።»

ስለዚህ በዚህኛው ዙር ተሳፋሪ የማይጠብቅ መኪና አስፈለገ። ያለው ደግሞ የዳናዊት አባት የአቶ አስናቀ ዲኤክስ ቶዮታ ነበር። ዲኤክሱ ዳናዊትን በአሥራ አራት ዓመት ይበልጣታል። የአቶ አስናቀን ዓይን ሞራ ከጋረደው ወዲህ የምትነዳው እሷ ናት።

«እኔ አዘጋጀዋለሁ» አለች ዳናዊት ምሳ ላይ። ማንም አልጠየቃትም ነበር።

ዳናዊት መጠበቅ አትችልም። ሻይ እስኪፈላ መጠበቅ ስለማትችል ለብ ያለ ሻይ እየጠጣች ነው ያደገችው። ዩኒቨርሲቲ እያለች ከፈተና አዳራሽ ሁልጊዜ ቀድማ የምትወጣው እሷ ነበረች። ጓደኞቿ ጉብዝና ይመስላቸው ነበር፤ እውነቱ ግን የሠራችውን መልሶ ማየት ስለሚሰለቻት ነው። በመካኒካል ምህንድስና ከተመረቀች ሁለት ዓመት ሆኗታል። በእነዚህ ሁለት ዓመታት ሥራ ስትፈልግ ኖራ፣ ያወቀችውን የምታሳይበት ነገር ካገኘች ወንፊትም ቢሆን ፈትታ ከመግጠም የማትመለስ ሆና ነበር።

ዓርብ ዕለት ከመናኸሪያው ጀርባ ወዳለው ወደ ጋሽ ከዲሮ ጋራዥ ጎራ አለች። ጋሽ ከዲሮ የሠፈራቸው መካኒክ ናቸው፤ ከሁለቱ ሽማግሌዎችም አንዱ እሳቸው ናቸው። ለጁምዓ ሊሄዱ እጃቸውን በሳሙና እያሹ ነበር።

«ነገ ጧት አንድ ሰዓት ላይ አምጪው» አሏት። «የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ታይሚንጉን ትንሽ ወደ ኋላ እመልሰዋለሁ። ቆላ ነው የምንወርደው።»

«እንዴ ጋሼ፣ መኪናም ወባ ይይዘዋል?»

«ይይዘዋል። አንቀጥቅጦ ነው የሚጥለው።»

ዳናዊት ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም። ይህን ልዩነት ልብ ብላ ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር።

ልብ አላለችም። ቤት እንደደረሰች ኮፈኑን ከፈተች።

ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተሩ ውስጥ ፒስተኑ ቤንዚንና አየሩን እየጨመቀ ወደ ላይ ሲወጣ፣ ጫፍ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ካንዴላው እሳት መጫር አለበት። እሳቱ ከዘገየ ጉልበቱ ይባክናል። ከቸኮለ ደግሞ ገና እየወጣ ያለውን ፒስተን አናቱን ይለዋል። እሳቱን ለካንዴላዎቹ በየተራ የሚያድለው ዲስትሪቢውተሩ ነው። እሱን ለአመል ያህል ወዲህ ወይም ወዲያ ማዞር እሳቱን ያስቸኩለዋል ወይም ያዘገየዋል። ያለጊዜው መቸኮል ምን እንደሚያመጣ ከዳናዊት የበለጠ የሚያውቅ ሰው ሊኖር አይገባም ነበር።

ዲስትሪቢውተሩ እግር ላይ ሁለት ጭረቶች አየች፤ በመካከላቸው የጥፍር ስፋት ያህል ርቀት አለ። የሆነ ግድ የለሽ ሰው ካቻቪቴ አንሸራትቶ የቧጨረው መሰላት። በብርጭቆ ወረቀት ፈትጋ ፈትጋ እንደ ብር አበራችው። ከዚያ አዳማ ከሚኖር የክፍል ጓደኛዋ የተዋሰችውን፣ እሳቱ የሚጫርበትን ጊዜ የሚያሳይ የታይሚንግ መብራት ሰካች። የመኪናው መጽሐፍ እሳቱ በስምንት ዲግሪ ይቅደም ይላል። ዳናዊት ግን መጽሐፉ ባለው ላይ የምትቆም አይደለችም። ከፍታ ቦታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚኑ ቀስ ብሎ እንደሚነድ፣ ስለዚህ እሳቱ ቀደም ማለት እንዳለበት አንብባለች። የአሰላን ከፍታ ከስልኳ አወጣች፤ ደብተሯ ላይ አሰላች፤ አሥራ ስድስት ዲግሪ አገኘች፤ ከሥሩ ሁለት መስመር አሰመረችበት። አሥራ ስድስት ላይ ስታስረው ሞተሩ እንደ አዲስ ተንቆረቆረ።

ስሌቱ ትክክል ነበር። ለአሰላ። ሽማግሌዎቹ ግን ሚስት የሚጠይቁት አሰላ አልነበረም።

ሌዊ ድምፁን ሰምቶ ከቤት ወጣ።

«ጋሽ ከዲሮ ይዩት አላልኩሽም?»

«ጋሽ ከዲሮ በጆሯቸው ነው የሚሠሩት። እኔ በመብራት ነው የሠራሁት።»

«ያ ጆሮ እኮ ሠላሳ ዓመት ስንቱን መኪና ዴራ አውርዶ መልሷል።» ኮፈኑን ተደገፈ። «ዳኑ፣ እኔ ሌላ ሐመልማል የለችኝም።»

«እኔ ስልክ ላይ ሦስት ሐመልማል አሉ» አለችው። እሷ እንደዚህ ናት። ሰው ልቡን ሲያወጣ ቶሎ መልሶ እንዲያስገባው ትረዳዋለች።

ቅዳሜ ጧት ሌዊ በአሥራ አንድ ሰዓት ተነስቶ መኪናውን አጥቦ ጨርሶ ነበር። ጋሽ ከዲሮ በአዲስ ኩፍያ፣ በነጭ ጋቢና በከዘራ መጡ። ሚስታቸው ከቤታቸው በር ላይ «ዛሬ ሽማግሌ ነህ እንጂ መካኒክ አይደለህም! ያን ጋቢ ቅባት ነክቶት እንዳላይ!» ብላ ስትጮህ ሠፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ሁለተኛው ሽማግሌ ጋሽ ወንድምአገኝ ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር፣ ለንግግር የተፈጠሩ።

ጋሽ ከዲሮ ከመግባታቸው በፊት ኮፈኑን ተመለከቱ። «ነካሽው?»

«አስተካከልኩት።»

«ልየው እንዴ?»

«ልብስዎ ይበላሻል ጋሼ። ይመኑኝ።»

ጋቢያቸውን አዩ፤ ኮፈኑን አዩ፤ የሚስታቸውን በር አዩ። ከዚያ ገቡና ከኋላ ተቀመጡ።

ጎንዴን አለፉ፤ ኢተያን አለፉ። መንገዱ ቁልቁል ስለሆነ ማንኛውም ሞተር ጎበዝ ይመስላል። ከኢተያ ወዲያ ብርዱ ለቀቀ፤ ጋሽ ወንድምአገኝ መስኮት ከፈቱ። ከዚያ አንድ አነስተኛ አቀበት መጣና ዳናዊት ነዳጅ ስትሰጠው፣ ከኮፈኑ ሥር ቆርቆሮ ላይ ባቄላ የፈሰሰ የሚመስል ድምፅ ተሰማ።

«ምንድን ነው እሱ?» አሉ ጋሽ ወንድምአገኝ።

«ቤንዚኑ ነው» አለች ዳናዊት።

ጋሽ ከዲሮ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አዎ፣ ቤንዚኑ ነው። የተማረ ሰው ከተናገረው።»

በሚቀጥለው አቀበት ባቄላው በዛ። በሦስተኛው የሙቀቱ መርፌ ወደ ቀዩ ተጠጋ። ዳናዊት ሬድዮ ከፈተች፤ ድምፁንም ከፍ አደረገች። ምህንድስና ነው መቼም።

አቀበቶቹ ስላዘገዩአቸው ዴራ መግቢያ ላይ ሲደርሱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ነበር፤ ቢሆንም እስከ አራት ገና ጊዜ አለ። ጋሽ ወንድምአገኝ «አቁሚ» አሉ። ሽማግሌ በላብና በተጨማደደ ጋቢ ሰው ደጅ አይደርስም፤ ወርዶ፣ ልብሱን አስተካክሎ፣ ማን ቀድሞ እንደሚናገር ተስማምቶ ነው የሚገባው። ዳናዊት ሞተሩን አጠፋች። ሁለቱ ወረዱ፤ ጋሽ ወንድምአገኝ ጫማቸውን በመሐረብ ጠረጉ፤ ጋሽ ከዲሮ ኩፍያቸውን በጎን መስታወት አዩ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ከዚያ ተመልሰው ገቡና ዳናዊት ቁልፉን አዞረች።

ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ አንዴ ገፋ፤ ከዚያ በቅሎ የረገጠችው ይመስል «እክ!» ብሎ ወደ ኋላ ተመለሰ። ደገመች። «እክ!»

ሲሞቅ እሳቱ ያለጊዜው እየቀደመ ሞተሩ የራሱን ጉልበት ራሱ ይመታ ነበር። ዳናዊት ይህን ወዲያው አወቀች። ለፈተና ቢመጣ ሙሉ ነጥብ ታገኝበት ነበር። ግን ጥፋቱ የኔ ነው ላለማለት ሃያ ደቂቃ ፈጀች፤ ባትሪው ነው አለች፤ ሽቦው ላልቶ ነው አለች፤ በመጨረሻም «ትንሽ ብንገፋውስ?» አለች።

ገፉት። ሁለት ሽማግሌዎች፣ ከዘራቸውን ጣሪያው ላይ አስቀምጠው፣ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጠቅልለው ገፉት። በአጠገባቸው ያለፈ ባጃጅ ነጂ አንገቱን አወጣ።

«አባቶች! ሙሽራውን ነው የምትገፉት?»

«ሂድ አንተ! መንገድህን!» አሉ ጋሽ ወንድምአገኝ፣ አርባ ዓመት ሰልፍ ባሰለፉበት ድምፅ።

ዳናዊት ማርሹን ስታስገባ ሞተሩ በካርቡሬተሩ በኩል አንድ ጊዜ ተኮሰ። ወደ ገበያ የሚነዱ ፍየሎች ተበተኑ። ጋሽ ወንድምአገኝ መንገድ ዳር ዘጭ ብለው ተቀመጡ። መኪናው ቆመ። ሦስት ሰዓት ከአርባ ሆነ።

«ኮፈኑን ክፈቺ» አሉ ጋሽ ከዲሮ። አሁን ድምፃቸው የሽማግሌ አልነበረም። እጃቸውን ከኋላቸው አጣምረው፣ ጋቢያቸው እንዳይነካ አንድ ክንድ ርቀው ቆሙ። «የአሥራ ሁለት ቁልፍ ያዢ። ዲስትሪቢውተሩን የያዘውን ብሎን አላዪው። እዚያ ታች ሁለት ጭረት አለ። ላይኛው ለአሰላ ነው፣ ታችኛው ለዴራ። ታችኛው ላይ አድርጊና እሰሪው፤ እንሂድ።»

ዳናዊት ቁልፉን እንደያዘች ቀረች።

«ምነው?»

«ጭረቱ የለም ጋሼ።»

«አለ። ቅባት ሸፍኖት ይሆናል፤ ጥረጊው።»

«ጠርጌው ነበር። ትናንት።»

«በጨርቅ አይለቅም። በመሮ ነው የጫርኩት።»

«በብርጭቆ ወረቀት ነው የጠረግሁት።»

አንድ ግመል፣ ከኋላውም ሌላ ግመል አለፈ።

«ያ ረቢ» አሉ ጋሽ ከዲሮ በመጨረሻ። «ያንን ጭረት ለማግኘት ስንት ዓመት እንደወጣሁ እንደወረድኩ ታውቂያለሽ? አሁን በምን እንሥራው? መብራትሽ የታለ?»

«ቤት።»

«ቤት። እሺ። ወደ እኔ አዙሪው። የጤፍ ፍሬ ታህል።»

«የጤፍ ፍሬ ስንት ዲግሪ ነው ጋሼ?»

«እንጃ። ዩኒቨርሲቲ አልገባሁም።»

አዞረች። ዲስትሪቢውተሩ ጣቷን አቃጠላት። ጋሽ ወንድምአገኝ መንጃ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ቁልፉን ሲያዞሩት ሞተሪኖው በመጀመሪያ እምቢ አለ፣ በሁለተኛው አጉረመረመ፣ በሦስተኛው ሞተሩ ተነሳ። ጋሽ ከዲሮ ከዘራቸውን ከጣሪያው አነሱ፤ ጫፉን ሞተሩ ላይ አሳርፈው እጀታውን ጆሯቸው ላይ ደገኑና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሐኪም ደረት ሲያዳምጥ እንዲህ ነው።

«ትንሽ ወደ እኔ። ሱታ... ሱታ... ቀስ...»

ዳናዊት ገፋችው። ሞተሩ ተንቀጠቀጠ፤ ሊሞት አንድ ሐሙስ ቀረው።

«ጤፍ አልኩሽ እንጂ ባቄላ አላልኩም! መልሺው! ትንሽ። ትንሽ። እጅሽን አታንሺ፣ ጠብቂ፣ ሞተሩ ይናገራል...»

ጠበቀች። በሕይወቷ ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ብላ አንድ ነገር ሰማች። መጀመሪያ ጫጫታ ብቻ ነበር። ከዚያ ከጫጫታው ሥር አንድ ሌላ ድምፅ፣ የሚቸኩል፣ የሚያንኳኳ፣ እየቀጠነ ሄዶ ጠፋ። ጋሽ ከዲሮ ዓይናቸውን ሳይከፍቱ «በቃ!» ሲሉ እሷም በዚያችው ቅጽበት እጇን አቁማ ነበር። ይህን ማንም አላየም። እሷም ጉራ የሚነዛበት ጊዜ አይደለም ብላ ተወችው።

«እሰሪው። ስታጠብቂው እንዳይዞር።»

አንድ እጇ ቁልፉ ላይ ነበር፣ ሌላው ብሎኑን ደግፏል። ዲስትሪቢውተሩ መዞር ሲጀምር ጋሽ ከዲሮ ሽማግሌነታቸውን ረሱ፤ በባዶ እጃቸው ጥርቅም አድርገው ያዙት። ብሎኑ ጠበቀ። ከዚያ ሲቃጠሉ እጃቸውን ጋቢያቸው ላይ ጠረጉ። አምስቱም ጣቶች፣ ጥቁር፣ ልክ ደረታቸው ላይ ታተሙ።

የአቶ ገብረ መድህን ግቢ ሲደርሱ አራት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ነበር። በሩ ገርበብ ብሏል።

«አታንኳኩ ነው የተባልነው» አሉ ጋሽ ወንድምአገኝ። «አትግቡ አልተባልንም።» ገፋ አድርገው ገቡ።

የሙሽራው እህት ከሽማግሌ ጋር አትገባም። ዳናዊት መኪናውን ግቢ አስገብታ በረንዳው ሥር አቁማ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ተቀመጠች። የሳሎኑ በር ክፍት ስለነበር ሁሉም ይሰማ ነበር። አቶ ገብረ መድህን ከግድግዳ ሰዓት ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ሽማግሌዎቹ እንደ ደንቡ በራፉ ላይ ቆመዋል፤ ጉዳያቸው ካልተሰማ አይቀመጡም።

«አራት ሰዓት ከአሥራ ሁለት» አሉ አቶ ገብረ መድህን።

«መንገድ ላይ ጎማ ፈነዳብን» አሉ ጋሽ ወንድምአገኝ። ድምፃቸው ቀጠነ። ስንቱን ተማሪ ስለ ውሸት ያንበረከኩ ሰው ራሳቸው ውሸት አይችሉበትም።

«የቱ ጎማ?»

«የፊቱ» አሉ ጋሽ ወንድምአገኝ። «የኋላው» አሉ ጋሽ ከዲሮ፤ እኩል።

አቶ ገብረ መድህን ሁለቱንም በየተራ አዩ።

«እኔ ለናንተ አልቆጣም» አሉ አቶ ገብረ መድህን። «እናንተ የሰው መልእክተኛ ናችሁ። ግን ለገዛ ጋብቻው ሽማግሌ በሰዓቱ ማድረስ ያቃተው ልጅ፣ ነገ ልጄ ምጥ ቢይዛት በሰዓቱ ሐኪም ቤት ያደርሳታል? በሉ፣ በሰላም ወደ ቤታችሁ ግቡ።»

ዳናዊት መሪውን ጨብጣ ተቀምጣ ነበር። ሽማግሌዎቹ እሷን ሊሸፍኑ ዋሹ፤ ውሸቱ ግን ሌዊ ላይ ወደቀ። ሌዊ አሁን አሰላ፣ ቤታቸው በር ላይ ስልኩን ይዞ ቆሟል። ደንቡ ዝም በይ ይላል። ዝም ብላ ብትቀመጥ ማንም ጥፋቷን አያውቅም፤ ሌዊም ምናልባት በአሥር ዓመት ውስጥ ይረሳው ይሆናል። ቅያሜ የሚረሳ ሰው ነው፤ ሐመልማልን ግን አይረሳም። ከመኪናው ወርዳ ገባች።

«ጎማ አልፈነዳም» አለች።

ጋሽ ወንድምአገኝ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«አንቺ ደግሞ ማነሽ?»

«ሹፌሯ ነኝ። የሌዊ እህት። ሞተሩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ሌዊ ጋሽ ከዲሮ ይዩት ብሎኝ ነበር፤ አልሰማሁትም። ጋሽ ከዲሮ ቆላ ነው ብለውኝ ነበር፤ ሳቅኩባቸው። ሌዊ በአሥራ አንድ ሰዓት ተነስቶ መኪናውን አጥቦ ቆሞ ይጠብቀን ነበር። ዘግይቶ አያውቅም። የቸኮልኩት እኔ ነኝ፤ ስለ ቸኮልኩ ነው የዘገየነው።»

«ምን ነካሽ ሞተር የምትነካኪው?»

«ምህንድስና ተምሬያለሁ።»

«ምህንድስና» አሉ አቶ ገብረ መድህን፣ አንድ ሰው የበሽታውን ስም ሲነግራቸው እንደሚሉት። «የኔ ወፍጮ ናፍጣ ነው። ካንዴላ የለው፣ ነካኪ የለው።»

«ለሌዊ እምቢ የሚሉ ከሆነ በራሱ ጥፋት ይበሉት» አለች ዳናዊት። «በኔ ጥፋት ከሆነ ግን፣ ልጅዎን የማገባው እኔ አይደለሁም። እኔን ሊጠይቅ ሽማግሌ የሚልክ ሰው ከተገኘ ያን ጊዜ ይህንን ይንገሩት። እውነትዎን ነው የሚሆነው።»

አቶ ገብረ መድህን አልሳቁም። እሷን ከጫማዋ እስከ አፍንጫዋ፣ አፍንጫዋ ላይ ካለው የግራሶ ቅባት ጋር፣ ተመለከቷት። ከዚያ ዓይናቸው ወደ ጋሽ ከዲሮ ደረት ዞረ፤ አምስቱ ጥቁር ጣቶች ላይ አረፈ።

«ይህን ጋቢ ማን ነው ያጠበልዎት?»

«ባለቤቴ» አሉ ጋሽ ከዲሮ።

«አይታዋለች?»

«ገና ነው።»

የአቶ ገብረ መድህን ጢም በአንድ ወገን ትንሽ ተነሳ። «እንግዲያው ሌላ ቅጣት አያስፈልግዎትም።» ወደ ጓዳ ዞሩ። «ሐመልማል! ለእንግዶቹ የእጅ ውሃ አምጪ። ሳሙናም።»

ጋሽ ወንድምአገኝ በረጅሙ ተነፈሱ። በዕድሜያቸው ብዙ ደጅ ጠንተዋል፤ ልጁን የማይሰጥ ቤት እንግዳ እንደማያስታጥብ ያውቃሉ።

«ተቀመጡ» አሉ አቶ ገብረ መድህን። «ስለ ሞተር በቃኝ። ስለ ልጁ ንገሩኝ።»

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ሐመልማል ማስታጠቢያና ጆግ ይዛ ገባች፤ አንገቷን ደፍታለች፣ ከንፈሯን ግን ነክሳ ሳቋን እየያዘች ነበር። ለጋሽ ከዲሮ ውሃ ስታፈስ ማስታጠቢያው ውስጥ የወረደው እንደ ቀለም ጠቆረ። ዳናዊትም እጇን ዘረጋች፤ ከሁሉም የባሰ የቆሸሸው የሷ ነበር።

«አንቺ አይደለሽም» አሉ አቶ ገብረ መድህን። «ሽማግሌ ሲነጋገር ሹፌር አይሰማም። ቧንቧው ከግቢው ጥግ አለ። ስትወጪ በሩን ዝጊው።»

ዳናዊት የምትመልሰው ነበራት፤ ጥሩ መልስ ነበር፣ አጭርና የሚያናድድ። ሐመልማልን አየቻት። ዋጠችው። ወጣችና በሩን ዘጋችው።